ሮሜ ስምንት፣ ሳልሚያ

የእሷ ወጥ ቤት መስኮት ከእኔ ጋር ተያይቶ፣
መሐሉ ጉድጓድ ነው፣ ስድስት ፎቅ ተከፍቶ፤
የኮንዲሽነር ውሃ ጠብ ጠብ የሚልበት፣
የሰው ሹክሹክታ ግን ጎልቶ የሚሰማበት።
እመቤቶቻችን የአንድ እናት ልጆች፣
እኛ ደግሞ የአንድ መጽሐፍ ገረዶች።

እሷ ከሆሳዕና፣ እኔ ከደብረ ታቦር፤
የትውልድ መንደር ስም ቢያስታርቅ ኖሮ፣ ይበቃን ነበር።
አየለች ይሏታል፤ ስምንት ዓመት ኩዌት፣
ዐረብኛዋ ውሃ፣ እጇ የበረኪና ሽታ ያለበት።
እኔ ገና ዓመቴ፤ «አይዋ»ና «ላ»ን ብቻ የማውቅ፣
ማተቤን ከሸሚዜ አንገት ሥር የምደብቅ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ሳህኑ ሲያልቅ ታጥቦ፣
ክርክር እንጀምራለን፣ ዓይናችን እንቅልፍ ተርቦ።

ጠቡ በአንዲት ቃል ነው። ከሮሜ፣ ከምዕራፍ ስምንት፣
ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ጫፉ ላይ ባለችበት።
ላስቲክ በለበሰው መጽሐፏ «የሚማልደው» ይላል፤
በእኔ «የሚፈርደው»፣ ጣቴን ሳስቀምጥበት ይግላል።
«ለወጣችሁት» ትላለች፣ ድምጿን እንደ ክር አቅጥና፤
«እናንተ ናችሁ!» እላለሁ፣ ጭልፋዬን እንደ መቋሚያ ሳቀና።
«አማላጃችን አንድ እሱ ነው፤ ሌላ ማን ያሻል?»
«እሱማ ፈራጅ ነው! ፈራጅ ማንን ይለማመጣል?
እኩያ እኩያውን ይለምናል ወይ?» ስላት፣
«ፍቅር አይለምንም?» አለችኝ፤
ያን ሌሊት መልስ አጣሁላት።

በፍልሰታ ሰሞን ግን ከፋ።
ሥጋ ያለበትን ሩዝ ትቼ ደረቅ ዳቦ ስበላ አየችኝ፣
«በሆድሽ ልትድኚ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።
«መናፍቅ!» አልኳት።
ጉድጓዱ ተቀብሎ ደገማት፤
ስድስቱም ፎቅ ሰማት።
መስኮቷ ተደፈነ፤
ዐሥራ ሰባት ሌሊት፣ የሚናገረው ሳህን ብቻ ሆነ።

ከዚያ ሰዓት ጠፋ።
የእመቤቴ የወርቅ ሰዓት፣ የሠርጓ ስጦታ፤
ፍራሼ ተገለበጠ፣ ሻንጣዬ ተፈታ።
ሳሎን መሐል ቆምኩኝ፣ ከምንጣፉ ዳር፣ በባዶ እግሬ፣
«ላ፣ ማማ፣ ላ» ብቻ፤ ሌላው አልቆብኝ ነገሬ።
«ሹርጣ» የምትለዋ ቃል ትርጓሜ አልፈለገች፣
አንድምታም የላት፤ እንዳለች ገባች።

በሩ ተንኳኳ። አየለች።
ሻሿ ዞሮ፣ የሳሙና አረፋ ከክንዷ ሳይደርቅ፣
ጩኸቱን ያደረሰላት ጉድጓዱ ይሆናል፣ አላውቅ።
በእኔና በሴትዮዋ መሐል ቆመች።
ወደ እኔ አልዞረችም። አንድ ጊዜም አላየችኝ።
ያን ሁሉ ዐረብኛ ሳይገባኝ ሰማሁት፣
ስሜን ብቻ ነው የለየሁት፤
«ስንዱ» አለች፣ «ስንዱ»፣ ደጋግማ፣
ደረቷን መታች፤ «ለእሷ እኔን ያዢኝ፣ ማማ!»
ያለች መሰለኝ። ምን እንዳለች እስካሁን አልጠየቅኋትም።

ሰዓቱ ተገኘ በሦስተኛው ቀን፣ ከመኪናው ወንበር ሥር፤
ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፣ ስልኬ ብቻ ተመለሰ፣ እንደ ብድር።

በዚያው ሌሊት፣ በመወልወያው እንጨት ጫፍ፣ መስኮቷን ነካሁት።
ይቅርታ ልል ነበር፤ በአፌ ሌላ አመጣሁት፦
«አንቺ፣ አማላጅ አያሻም ስትዪኝ አልከረምሽም?
ሳሎን መሐል የቆመችው ማን ነበረች? አንቺ አይደለሽም?»
ዝም አለች። ጠብታው ብቻ ወረደ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከረሃብ በኋላ እንደ ጥጋብ፤
«እኔማ በሕይወት አለሁ! ልዩነቱ ይኸው፣ አየሽ!»
«አብርሃምስ ሞቷል ያለሽ ማነው? አምላኩ የሕያዋን አይደለም? ተይ እባክሽ!»
መነጽሯን ልታመጣ ሮጠች።

ሮሜን ዳግም ገለጥን። ቃሏ እዚያው ነበረች፣
በእሷ እንደማለደች፣ በእኔ እንደፈረደች።

«ያቺን ሌላዋን ቃል» አለችኝ፣ መስኮቷን ልትዘጋ፣
«ምዕራፍና ቁጥሯን ትነግሪኛለሽ፣ ሲነጋ።»